ወንድሜ ሆዱ ውሃ ቋጠረ፤ ከጉበቱ ሳይሆን ከቆሽቱ ነው አሉን። ኦፕራሲዮን ይሁን አይሁን?

አስታማሚዋ · ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ታላቅ ወንድሜ 41 ዓመቱ ነው፤ መካኒክ ነው። ፒያሳ ነው ያደግነው፤ ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ግን ተበታትነናል። ሰኔ ላይ ሆዱ መነፋት ጀመረ። ሱሪው አልቆለፍ ሲለው «ደላኝ መሰለኝ» እያለ ይስቅ ነበር። ፊቱና ክንዱ ግን በየቀኑ ይከሳል። ቀለበቱ ከጣቱ ወልቆ ሞተር ውስጥ የጠፋበትም በዚያው ሰሞን ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት የግል ክሊኒክ (ስሙን አልጠራም) «ጉበት ነው» አሉን። አምስት ሊትር ውሃ ቀዱለትና የሚያሸና ኪኒን ሰጥተው ሸኙን። በአሥር ቀኑ ሆዱ እንደነበረው ሞላ። ሌላ ቦታ ስንሄድ የጉበት ምርመራው ደህና ሆነ፤ «እንግዲያው የሆድ ቲቢ ይሆናል» ተብሎ መድኃኒት ጀመረ። ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ውሃው ግን ያው ነው።

በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎልን ትልቅ ሆስፒታል ገባን። አንዲት ወጣት ሐኪም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ «ሲያምህ እንዴት ነው የምትሆነው?» አለችው። ትራሱን አቅፎ ወደ ፊት እጥፍ ብሎ አሳያት። እኛ ቤት ይህን የማያውቅ የለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሕመሙ ሲነሳበት እንዲያ ሲሆን አይተነዋል። የጠየቀን ሰው ግን አልነበረም። እሷ ከሆዱ የተቀዳውን ውሃ ልካ «አሚሌዝ» የሚባል ቆሽት የሚያመነጨው ነገር አስመረመረች፤ 14,200 መጣ። «ጉበቱ አይደለም፣ ቆሽቱ ነው የሚያፈሰው» አለችን።

ከዚያ ሦስት ሳምንት በአፉ ምንም ሳይገባ ቆየ። በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ አንጀቱ ድረስ ይመገባል፤ ኦክትሪዮታይድ የሚባል መርፌም በቀን ሦስት ጊዜ ይወጋል። (መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል ስላሉኝ ከፋርማሲ እስከ ዎርድ በረዶ የሞላ ፌስታል አንጠልጥዬ ቸርችልን ሽቅብ ቁልቁል ስል ሰው ሁሉ አይስክሬም የምሸጥ ሳይመስለው አልቀረም።) ውሃው ቀነሰ እንጂ አልደረቀም። አሁን «ኦፕራሲዮን ይሁን» ብለው ፊርማ ይፈልጋሉ። «ምናልባት ጣፊያውም አብሮ ይወጣል» ሲሉ እናቴ ሰምታ እንቅልፍ የላትም። አጎቴ ህንድ ይሂድ ይላል። እናቴ ጸበል ትላለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ያሳለፈው ወይም የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ቡና_ከነቁርሱ · ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 4:32

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ግን ጣፊያና ቆሽት አንድ አይደሉም እንዴ? ስለ ስኳር በሽታ ሲያስተምሩ «ጣፊያ ኢንሱሊን ያመነጫል» ሲሉ ነው እኔ የሰማሁት።

ሲስተር_ከዎርድ · ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 5:05

ጣጣው እሱ ነው እኮ! እኛ ዎርድ በዚህ ቃል ምክንያት ያለቀሰ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ከጨጓራ ኋላ በአግድም የተጋደመው፣ ኢንሱሊን የሚያመነጨውና ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ የሚያወጣው ፓንክሪያስ ነው። አንዱ ቆሽት ይለዋል፣ ሌላው ጣፊያ። በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የተወሸቀው፣ ደም የሚያጣራው ደግሞ ስፕሊን ነው፤ እሱንም ጣፊያ ይሉታል። ስለዚህ ሐኪሙ አንዱን ሲል ቤተሰብ ሌላውን ይሰማል።

እህቴ፣ ላንቺ «ጣፊያው ይወጣል» ያሉሽ ስፕሊኑን ነው። የቆሽት ጭራ እሱ ድረስ ይደርሳል፤ የደም ሥሩም በቆሽቱ ጀርባ ተለጥፎ ነው የሚሄደው። ጭራው የሚቆረጥ ከሆነ ስፕሊኑን ማትረፍ ሁልጊዜ አይቻልም። ያለ ስፕሊን ሰው ይኖራል፣ ኢንሱሊኑም በእሱ አይነካም። አንዳንድ ኢንፌክሽን ግን ይበረታበታልና ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የኒሞኮካል፣ የማጅራት ገትርና የሄሞፊለስ ክትባት መውሰድ አለበት። ክትባቱን አሁኑኑ ጠይቂ፤ በመጨረሻው ቀን የሚታሰብ ነገር አይደለም። ለእናትሽ ደግሞ በቃል ብቻ አትንገሪያት፣ ጎኗን በእጅሽ ነክተሽ «ይኼኛው ነው እማዬ» በያት።

(«ቆሽቴ አረረ» ስንል ግን አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነበራቸው መሰለኝ። የቆሽት ሕመምተኛ ሌሊት ያስታመመ ሰው ይህን ቃል በታክሲ ተራ አያወጣውም።)

ቢላዋና_ክር · ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 1:20

ከአዳር ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ። የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ። ወንድምሽን አላየሁትም፣ ስለዚህ ፈርሚ አትፈርሚ አልልሽም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ግን ልንገርሽ።

ቆሽት በቀን ከአንድ ሊትር የማያንስ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ በመሃሉ ባለች ቀጭን ቦይ ሄዶ ትንሹ አንጀት ይገባል። ለዓመታት የተቆጣ ቆሽት ግን ይጠባበባል፣ ጠጠር ይሠራል፣ ከጠጠሩ ኋላ ግፊት ይጠራቀማል፤ አንድ ቀን ቦይዋ ትተረተራለች፣ ወይም ቆሽቱ ላይ የተቋጠረ ከረጢት ማፍሰስ ይጀምራል። ቀዳዳው በፊት በኩል ከሆነ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። በኋላ በኩል ከሆነ ሽቅብ ወጥቶ ሳንባ ዙሪያ ይቋጥራል፤ ሆዱ ደህና የሆነ ሰው ትንፋሽ አጥሮት መጥቶ ምንጩ ቆሽት የሆነበት ጊዜ አለ።

እኔን ተማሪ ሳለሁ የገረመኝ ሌላ ነበር። ሥጋ የሚፈጭ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ በሊትር ተጠራቅሞ አንጀቱን ለምን አይፈጨውም? መልሱ፣ ፕሮቲን የሚፈጩት ኢንዛይሞች ከቆሽት ሲወጡ ተኝተው ነው የሚወጡት። የሚቀሰቅሳቸው ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለ ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ ደግሞ እሱ የለም። ለዚህ ነው በሽተኛው ሆዱ ተነፍቶ፣ ብዙም ሳያመው፣ ሥራ ሲገባና ሲወጣ የሚከርመው። ለዚህም ነው ከጉበትና ከቲቢ ጋር የሚምታታው።

ውሃው ሲቀዳ ሁለት ነገር አብሮ መታየት አለበት። አንደኛው አልቡሚን (ደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ነው፤ ከደሙ አልቡሚን የውሃው ተቀንሶ ልዩነቱ በዴሲሊትር 1.1 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከጉበት በኩል የመጣ ግፊት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ቲቢም፣ ካንሰርም፣ ቆሽትም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነው አሚሌዙ የሚለየው፤ ከ1,000 ካለፈ ወደ ቆሽት ዙር ማለት ነው። የእናንተ 14,200 ብዙም አያከራክርም። አገራችን ውስጥ የልዩነቱን ቁጥር ዝቅ ብሎ ያየ ሐኪም ቲቢን ማሰቡ ጥፋት አይደለም፤ እኔም አስባለሁ። አሚሌዙን ሳይልኩ ሁለት ወር መቀመጥ ግን ለእኔ ጥፋት ነው። ናሙናው እጃቸው ላይ ነበር! የጀመረውን የቲቢ መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ያዘዘው ወይም አሁን የያዘው ሐኪም ይወስን።

አሁን ወደ ኦፕራሲዮኑ። ጾሙ፣ የአንጀት ምግቡና ኦክትሪዮታይዱ ቆሽቱን አሳርፎ ቀዳዳው በራሱ እንዲደፈን ለማድረግ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይሞከራል፤ በዚህ ብቻ የሚድኑት ግን ከግማሽ አይበልጡም። ቀጥሎ ኢ አር ሲ ፒ አለ፤ በአፍ በገባ ካሜራ ቦይዋ ውስጥ ትንሽ ቱቦ ይሰደዳል፣ ፈሳሹ ቀዳዳውን ትቶ በቱቦው ወደ አንጀት ይሄዳል። ቱቦው ቀዳዳውን መሻገር ከቻለ ከቢላዋ ያድናል። ካልሆነ ኦፕራሲዮን ነው፤ ዓይነቱን የሚወስነው የቀዳዳው ቦታ ነው። ጭራው ላይ ከሆነ ጭራውን ቆርጦ ማውጣት። መሃሉ ወይም ራሱ ላይ ሆኖ ቦይዋ የሰፋች ከሆነ ቦይዋን በቁመቷ ሰንጥቆ፣ ጠጠሩን ለቅሞ፣ አንድ የአንጀት እጅ አምጥቶ ላይዋ ላይ መስፋት፤ ከእንግዲህ ፈሳሹ ቀጥታ አንጀት ውስጥ ይወርዳል። ጠንካራ ግድግዳ ያለው ከረጢት ካለ ደግሞ ከረጢቱን ራሱን ከአንጀት ጋር መስፋት።

ስለዚህ ሐኪሞቹን «ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ወይ?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። «የት ነው የተቀደደው? በቱቦ ለምን አልሆነም? አልቡሚኑ ስንት ደርሷል?» በያቸው። ሰውነቱ ሳይጠግን የተሰፋ ስፌት አይይዝም።

ሐቁን_ልናገር · ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 3:40

ማንም ደፍሮ ስላልተናገረ እኔ ልናገር። ይህ በሽታ የአረቄ በሽታ ነው። መጀመሪያ መጠጡን ይተው፤ አለበለዚያ የተሰፋው ሁሉ በከንቱ ነው።

አስታማሚዋ · ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 6:15

@ሐቁን_ልናገር አዎ፣ ጠጥቷል። አባታችን ካረፈ በኋላ ከሥራ ሲወጣ ካቲካላ ቤት ጎራ ሳይል አይገባም ነበር። ሐኪሟም ጠይቃው አልደበቃትም። ሐምሌ ላይ ከተኛ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም። ሐቁ ይኸው ነው፤ አሁን ኦፕራሲዮኑን እንነጋገር።

የሁለት_ልጆች_አባት · ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 7:02

ወንድሜ ሐቁን ልናገር፣ የእኔ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አረቄ የት አባቱ ያውቀዋል? ብስክሌት ሲነዳ ወድቆ መሪው ሆዱ ላይ ተሰካ። ዕለቱን ትንሽ አለቀሰና ተወው፣ እኛም ተውነው። በሦስተኛው ሳምንት ሆዱ እንደ ከበሮ ሆነ። ውሃው ሲመረመር እንደዚሁ በሺዎች የሚቆጠር አሚሌዝ። መሪው ቆሽቱን ከጀርባ አጥንቱ ጋር ጨፍልቆት ኖሯል። የእሱ ያለ ቢላዋ በጾምና በመርፌ ደረቀ፣ ተመስገን። ሐኪሙ የሐሞት ጠጠርም ያመጣዋል ብሎኛል። በየቤቱ ሰበቡ ይለያያል ለማለት ነው።

ዲሲ_ያለሁ_የካዛንቺስ_ልጅ · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 2:48

ስለ ህንዱ አንድ ነገር ልበል። የአክስቴን ልጅ ለሌላ የሆድ ኦፕራሲዮን ልከነው ነበር፤ ገንዘቡን እዚህ እኛ አዋጥተን። ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ሆነ። ችግሩ የመጣው ከተመለሰ በኋላ ነው። ሆዱ ላይ የቀረውን ቱቦ «እኔ አልሠራሁትም» እያለ ሁሉም ይሸሸዋል፤ አንድ ወር ከቦታ ቦታ ተንከራተተ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ከሠራው ሐኪም ጋር ለወራት መተያየት ይፈልጋል መሰለኝ። የሚሠራው ሰው ካለ እዚያው ብትሠሩ ይሻላል ባይ ነኝ። አጎትሽ ለቲኬት ያሰበውን ለመድኃኒትና ለምግብ ያድርገው።

አስታማሚዋ · ጥቅምት 17፣ ከምሽቱ 3:30

@ቢላዋና_ክር እግዜር ይስጥልኝ። ጥያቄዎችህን ወረቀት ላይ ጽፌ ሄድኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና «ማን ነው ያሠለጠነሽ?» ብላ ሳቀች።

ኤም አር አዩን አስቀምጣ አሳየችኝ። ቦይዋ ነጭ ክር መስላ ትታያለች፤ 9 ሚሊሜትር ሰፍታለች፤ ውስጧ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ ጠጠሩ እሱ ነው። የተቀደደው የቆሽቱ ወገብ ላይ ነው። ኢ አር ሲ ፒ ተሞክሮለት ሽቦው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ አላልፍ ብሏል። አልቡሚኑ ሲገባ 2.1 ነበር፤ አሁን 2.9 ነው። ወንድሜ ይህን ሁሉ ሰምቶ ምን አላት መሰላችሁ? «ራዲያተሩ ተቀዶ እናንተ እስካሁን ውሃውን ብቻ ነበር የምትቀዱት ማለት ነው?»

ቢላዋና_ክር · ጥቅምት 17፣ ከምሽቱ 5:51

ወንድምሽ በሐኪሞች ዙር ላይ ከእኛ የተሻለ ያስረዳል!

በጻፍሽው መሠረት ሐኪሞቹ ወደ ቁመት ስንጠቃው የሚያዘነብሉ ይመስለኛል። 7 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋች ቦይ ለመስፋት ትመቻለች። እንዲህ ከሆነ ቆሽቱ እዚያው ይቀራል፤ ስፕሊኑም ላይነካ ይችላል። ሆኖም ሆድ ሲከፈት የሚገኘው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ነው ስፕሊኑንም ፊርማው ላይ የጻፉት፤ ክትባቱ ይሰጠው።

አዲስ ሙከራ እንዳይመስልሽም። ፒውስቶ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ቦይዋን በቁመት ከፍቶ ከአንጀት ጋር ማገናኘቱን በ1958 አሳተመ፤ እሱ ግን ጭራውንና ስፕሊኑን አብሮ ያወጣ ነበር። በ1960 ፓርቲንግተንና ሮሼል ምንም ሳያወጡ ጎን ለጎን መስፋቱን አመጡ፤ ዛሬ የሚሠራው ይኼኛው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። አንጀቱን በዋይ ቅርጽ ማያያዙ ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል፤ የስዊሱ ሴዛር ሩ ነው ያስለመደው። ትንሹ አንጀት ከላይ በኩል ይቆረጥና የታችኛው እጅ ከ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር ያህል ተስቦ ቆሽቱ ላይ ይሰፋል፤ የላይኛው ጫፍ ደግሞ ዝቅ ብሎ ጎኑ ላይ ይገጠማል። ርዝመቱ የሚያስፈልገው ምግብ ተመልሶ ቆሽቱ ጋ እንዳይደርስ ነው።

አደጋ የለውም አልልሽም። ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል፣ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ያለ ኦፕራሲዮን መቀመጡም ግን አደጋ አለው፤ በተቀዳ ቁጥር ፕሮቲኑ አብሮ ይወጣል፣ መርፌ በገባ ቁጥር ጀርም የመግባቱ ዕድል ይጨምራል።

ጋሽ_ቸርችል · ጥቅምት 18፣ ከጠዋቱ 12:45

ልጆቼ፣ እኔ የዚህ ኦፕራሲዮን ባለቤት ነኝና ልናገር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከጥቁር አንበሳ ብዙም አይርቅም። በ2004 ዓ.ም. ነው የተሠራሁት።

በዚያ ሰሞን ሁልጊዜ ጠዋት ከመልበሴ በፊት በገዛ ሜትሬ ሆዴን እለካ ነበር፣ እምብርቴ ላይ። ከተቀዳሁ ማግስት 91፣ በሳምንቱ 98፣ በአሥራ አምስት ቀኑ 107። ቁጥሩን የደንበኞች መጠን የምጽፍበት ደብተር ላይ ነው የጻፍኩት፤ አንድ ቀን ረዳቴ አይቶ «ጋሼ ይህ ወፍራም ደንበኛ ማነው፣ በየቀኑ የሚለካው?» አለኝ። ደብተሩን ለሐኪሙ ስሰጠው አገላብጦ አየና «ከአልትራሳውንዱ ይበልጣል» አለኝ። እህቴ፣ ሜትር ግዢና በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ለኪው።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ክፉ ነበር፤ ማሳል እንኳን ትራስ አቅፎ ነው። ውሃው ግን አልተመለሰም። እስከዛሬ አልተመለሰም። የጀርባዬ ሕመምም ሄደ፣ ዋናው ምሬቴ እሱ ነበርና።

የማይነግሩሽን ልንገርሽ። ቆሽቱ የተጎዳው ተጎድቷል፤ ኦፕራሲዮኑ አዲስ አያደርገውም። እኔ ዛሬም ስበላ የኢንዛይም ካፕሱል አብሬ እወስዳለሁ፤ ካልወሰድኩ ዓይነ ምድሬ ቅባት ሆኖ ይንሳፈፋል (ይቅርታ፣ ግን ይጠቅማል)። በስድስተኛው ዓመት ስኳርም መጣብኝ፣ ኢንሱሊን ላይ ነኝ። መጠጥና ሲጋራ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀመስኩም። ሠርግ ቤት ብርዝ አስቀርበው ሲስቁብኝ አብሬ እስቃለሁ።

አስታማሚዋ · ጥቅምት 18፣ ከቀኑ 8:20

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ «ሰውየው በሕይወት አሉ?» አለችኝ። «እማዬ፣ እየጻፉ እኮ ነው!»

አንድ ነገር ቀረኝ። ጸበል ማምጣቷን አላቆመችም። ከእንጦጦ በጀሪካን ታመጣለች፤ ወንድሜ በአፉ አይገባም ተብሏል፣ እምቢ ሲላት ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?

ሲስተር_ከዎርድ · ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 1:10

እናትሽን አትቆጫት። በእኛ ዎርድ የማደርገውን ልንገርሽ። «እማዬ፣ አሁን ቆሽቱ ጾም ላይ ነው፣ በውስጡ የሚገባ ሁሉ ያስነሳዋል፤ ግንባሩንና እግሩን ይረጩት፣ ይቀቡት» እላቸዋለሁ። አንድም እናት እምቢ ብላኝ አታውቅም። ውሃው የተቀዳበት ሆዱ ላይ ያለውን ፕላስተር ግን እንዳያረጥቡት፣ መርፌ የገባበት ነው። ካህን ካስፈለጋት የመጠየቂያ ሰዓት ላይ ይምጡ፣ ማንም አይከለክልም።

ቡና_ከነቁርሱ · ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 2:00

እኔ ቆሽትና ጣፊያ ሳልለይ ገብቼ ሴዛር ሩን ይዤ ልወጣ ነው። ክሩን እየተከታተልኩ ነው እህቴ፣ ቀኑ ሲቆረጥ አሳውቂን።

አስታማሚዋ · ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 5:40

ጠፋሁባችሁ። ክትባቱን ከወሰደ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ ጠብቀን ትናንት ገባ።

ፊርማውን ራሱ ፈረመ፤ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀብሎ «ሱሪዬን እንጂ ሌላ አታስፈርሙኝም» ብሎ ቀለደ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ደም ያስፈልጋል ሲባል ከጋራዡ ሦስት መካኒኮች ከነቱታቸው መጡ፤ የአንደኛው እጅ ዘይት ስለነበረ የደም ባንኳ ልጅ ሁለት ጊዜ አስታጠበችው።

ከጠዋቱ 2:30 ገብቶ ከቀኑ 7:15 ወጣ። ቦይዋን ከፍተው ጠጠሩን አወጡ፤ በትንሽ ብልቃጥ አድርገው አሳዩኝ፣ ጠመኔ ፍርፋሪ ነው የሚመስለው። አንጀቱን አምጥተው ሰፉበት። ጣፊያው (ስፕሊኑ!) አልተነካም። ሆዱ ውስጥ ገና አራት ሊትር ውሃ ነበር። አሁን ጎኑ ላይ ሁለት ቱቦ አለ፤ ያቃስታል ግን ሰው ያውቃል።

ቢላዋና_ክር · ኅዳር 4፣ ከሌሊቱ 6:12

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ግን ገና ነው። በሦስተኛው ቀን ከቱቦው የሚወጣውን ፈሳሽ አሚሌዝ ይልኩታል። ከደም የላይኛው መደበኛ መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ ከሆነ ስፌቱ እያፈሰ ሊሆን ይችላልና ቱቦው ይቆያል። ቀለሙንም እያየሽ መዝግቢ፤ ቀይ ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለ ወዲያው ተናገሪ፣ ዙር እስኪመጣ አትጠብቂ።

አስታማሚዋ · ኅዳር 6፣ ከቀኑ 10:05

58! የቱቦው አሚሌዝ 58 ነው! ሲስተሯ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ዜሮ የጎደለ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኳት።

ሲስተር_ከዎርድ · ኅዳር 6፣ ከቀኑ 10:30

እልልልል! አስነሺውና ኮሪደሩን አስሂጂው፣ አይተኛ።

አስታማሚዋ · ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2:25

ትናንት ወጣን። ቱቦዎቹ በስምንተኛው ቀን ተነቀሉ። አጥሚት ጀምሮ አሁን ለስላሳ ገንፎ ያለ ቅቤ ይበላል፤ ካፕሱሉን በመጀመሪያው ጉርሻ ይውጣል። የቲቢ መድኃኒቱን ሐኪሟ ውጤቶቹን ሁሉ አይታ አስቆመችለት። የስኳር ምርመራ በየሦስት ወሩ፣ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

ጋሽ ቸርችል፣ እንዳሉኝ በየጠዋቱ ለካሁት። ከኦፕራሲዮኑ በፊት 104 ነበር። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ 79፣ 79፣ 78፣ 79። ዛሬም 79። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ አንድም ሱሪ አይሆነውም፣ ሁሉም ይወልቃል፤ ከሆስፒታል በገመድ አስሬ ነው ያወጣሁት።

ጋሽ_ቸርችል · ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 12:50

ተመስገን፣ ተመስገን። ሱሪዎቹን አምጪልኝ፣ ላጥብብለት፤ ብር የሚባል ነገር እንዳታነሺ። ግን አሁን አይደለም፤ ሁለት ወር ቆይተሽ ነይ። ሥጋ ይገዛል፣ ድጋሚ ልፈታው ነው። እስከዚያ ቀበቶ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበቃዋል።